የሚንኳኳው ጣውላ

ወንድሜ አራተኛውን በር ከማጠፊያው እየነቀለ ነው። ካቻቪቴ አያያዝ እንኳ አያውቅም፤ የብሎኑን ራስ እየፋቀ ያበላሸዋል። አባዬ አናጢ ነበር፤ እነዚህን በሮች አንድ በአንድ በእጁ ነው የሠራቸው።

"ቀስ በል እንጂ ወንድም ጋሼ!"

"አንቺ ዝም ብለሽ ግጥሙን አንብቢ።"

አነባለሁ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

"በር አይደለሁ እኔ፣ ቁልፍም የለኝ ከቶ፤
ቢንኳኳብኝ ግና፣ ይነሳል ሰው ሰምቶ።"

ልጆች ሳለን አባዬ ከረሜላ ይደብቅና እንዲህ በግጥም እንድንፈልገው ያደርገን ነበር። ሁሌ ቀድሞ የሚያገኘው ወንድሜ ነው፤ እኔ የምደርሰው ልጣጩ ላይ ነው። ሊሞት ሰሞን ደግሞ የወርክሾፑን ካርታ ከኑዛዜው ጋር ደብቆ ይቺን ብጣሽ ወረቀት ሰጠን። አመሉ! ወርክሾፑን ሰባት ዓመት ቫርኒሽ እየቀባሁ፣ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አባዬንም ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ለቀብር መጣ።

"በር አይደለሁም እኮ ነው የሚለው" እለዋለሁ።

"አባዬን አታውቂውም። አይደለሁም ካለ፣ ነኝ ማለቱ ነው።"

አባዬን አላውቀውም! ሰባት ዓመት አጥቤው፣ አጉርሼው፣ አገላብጬው። ሌሊት ሌሊት በከዘራው የጣውላ ግድግዳውን ሦስቴ ሲያንኳኳ፣ ከወዲያ በኩል ካለው አልጋዬ ዘልዬ እየተነሳሁ...

ግጥሙን ደግሜ አየዋለሁ። ይሄን ግጥም ከኔ በቀር ማን ይፈታዋል? ለኔ ነው የጻፈው! ሰባት ዓመት አንድ ቀን "ተባረኪ" ያላለኝ ሰውዬ፣ ለካ በሆዱ ይዞት ኖሯል።

እንባዬ እየቀደመኝ ወደ አባዬ ክፍል እሮጣለሁ። አልጋው ራስጌ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ፣ ከከዘራው ምት ብዛት የጎደጎደ ጣውላ አለ። በጥፍሬ ስስበው ይወልቃል። ከኋላው ፖስታ ተቀምጧል።

"አገኘሁት! ወንድም ጋሼ፣ አገኘሁት!"

እያለከለከ ደርሶ ከእጄ ይነጥቀኛል። ቀድዶ ጮክ ብሎ ያነባል።

"ለበኩር ልጄ። ወርክሾፑ ያንተ ነው። እንደ ልማድህ ቀድመህ እንደምታገኘው አውቃለሁ። እህትህን አታባርራት፤ ትጠቅምሃለች፣ ሲጠሯት ቶሎ ትመጣለች።"

ወንድሜ ካርታውን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። አያየኝም።

"እንግዲህ የአባዬ ቃል ነው፤ ምን ይደረጋል?"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። እጄ አመድ አፋሽ! ይሄ ፖስታ ከራሴ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ተቀምጦ፣ እኔ ከወዲያ በኩል ጆሮዬን አቁሜ ስተኛ ነው የኖርኩት።

"ሌላ ነገርም እንዳይኖር" ይላል ወንድሜ። ጎንበስ ብሎ በካቻቪቴው እጀታ ቀሪውን ግድግዳ ያንኳኳል። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

"አቤት!" እላለሁ።

ቆሜያለሁ።