ይቅደሙ

የስሜን ተራሮች በረዶ መልበስ ከጀመሩ ወዲህ፣ የበረዶ ናዳ እንዳይወርድብን ቁልቁለቱን የምንሻገረው ፀሐይ ሳታሞቀው፣ አንድ በአንድ ነው። እኔ የመሻገሪያው ጠባቂ ነኝ። ሕጉን ሁሉም ያውቃል፤ ይሉኝታ ግን ሕግ አያውቅም።

አንድ የመጋቢት ማለዳ እናቴና የእህቴ አማት አያ ሸጋው፣ ማዶ ያለችውን አራስ እህቴን ሊጠይቁ መጡ። እናቴ ትኩስ ገንፎ በጋቢ ጠቅልላ አቅፋለች።

«ይቅደሙ፣ አያ ሸጋው።»

«ኧረ በማርያም! እርስዎ ቆመው?»

«በሞቴ ይቅደሙ!»

«እኔ ልሙት፣ አይሆንም!»

«ማንም ሳይሞት አንዳችሁ ሂዱ!» ብዬ ጮኽኩ። ማን ሰምቶኝ።

ፀሐይ በረዶው ላይ አረፈች፤ መንገዱን ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆይ ናዳው ከላይ ተገምሶ መሻገሪያውን ጠርጎት ወረደ።

«አየሽ፣ መከባበር አተረፈን» አለች እናቴ።

«በጊዜው ብትሄዱ ይሄኔ እያጎረሳችኋት ነበር» አልኳት። ገንፎው ቀዝቅዟል።

በማግስቱ፣ ሌሊቱን የጠጠረውን በረዶ ፀሐይ ሳታገኘው፣ እናቴ አዲስ ገንፎ ይዛ መጣች። ቀድመው ደርሰው የቆሙትን አያ ሸጋውን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ አልፋቸው ሄደች፤ ማዶ ደርሳ እጇን አወዛወዘች።

አያ ሸጋው ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

«ተራዎ ነው፣ ይሂዱ እንጂ» አልኳቸው።

«ምን ብበድላቸው ነው» አሉ ቅር ብሏቸው፣ «ይቅደሙ እንኳ ሳይሉኝ ያለፉት?»