ታይስቶና የመስታወት ሣጥኑ

በመላው ፊንላንድ እንደ ታይስቶ ትንፋሹን የሚይዝ የለም፤ ዓሣዎች ራሳቸው ይቀኑበታል። ሥራው ነው። ረፋድ ላይ ረግረጉ ላይ የመስታወት ሣጥን ይደፋል፤ ውስጡ ያለው ሣር በፀሐይ ካርቦን ስቦ ሲመገብ ካርቦኑን የሚለካው መሣሪያ በእጁ በያዘው ስክሪን ላይ የሚስለው መስመር ቀስ እያለ ይወርዳል። የሰው ትንፋሽ ከገባበት ግን መስመሩ ይወጣል፤ ልኬቱ ተበላሸ።

ዛሬ መስመሩ ወጣ፣ ወረደ፤ ወጣ፣ ወረደ። ከተማ ሆና የምትከታተለው አለቃው ሪትቫ ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሣጥኑ ላይ ተኝተሃል እንዴ? የምትልክልኝ እኮ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ትንፋሽ ነው።»

«ሠላሳ እርምጃ ርቄያለሁ።»

«ዛሬም ካበላሸህ ጡረታህን ውሰድ።»

ጡረታ ማለት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ድምፅ የማይሰማበት ያ ቤት ነው። ታይስቶ መቶ እርምጃ ራቀ፤ አንድ ክረምት የሚያህል ጊዜ ትንፋሹን ያዘ። መስመሩ ግን ወጣ፣ ወረደ።

ተመልሶ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከ።

«ማነህ?» አለ በቀስታ።

መስመሩ ቀጥ አለ።

ታይስቶ ጠበቀ። ሊሄድ ብድግ ሲል መስመሩ እንደገና ጀመረ፤ አሁን ግን ሮጦ እንደሚከተል ሰው ቶሎ ቶሎ ነበር።

«እሺ፣ እሺ፣ አልሄድም» አለና እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠ።

መስመሩ ረጋ ብሎ ወጣ፣ ወረደ።