የአማት ስም

ቢሊሴ አምቦ ተቀምጣ ደመወዝ የምትበላው ለሰው ሳይሆን ለማሽን በመጻፍ ነው። ነገሩ ለሰሚው ግራ ነው። አምቡላንስ የሚጠራበት ስልክ አለ፤ ስልኩን የሚያነሳው ግን ኤአይ የሚሉት ነገር ነው። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይመልሳል። እጅ ግን የለውም። እጅ የሚሆኑት ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱ መኪና ይልካል፣ አንዱ ለጤና ባለሙያ ይደውላል፣ አንዱ መንገድ ይፈልጋል። የትኛው ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነካና መቼ እንደማይነካ መግለጫ የምትጽፍለት ቢሊሴ ናት። የጻፈችለትን ያደርጋል። ያልጻፈችለትን አያውቅም፤ ይሉኝታ የለው፣ ግምት የለው።

መኪና በሚልከው ላይ እንዲህ ብላ ነበር፦ «የታማሚው ስም ግዴታ ነው። ስም ካልተነገረ መኪና አትላክ።» ምክንያት አላት። ሥራ ፈቱ ሁሉ እየደወለ ሾፌሩን በባዶ ሜዳ ያንከራትተው ነበር። አለቃዋ ጋዲሳ አነበበና፣ አጭር ነው፣ ግልጥ ነው ብሎ አሳለፈው።

የስልኩ አገልግሎት እጃጂ የምትባል የገጠር ከተማ ሲገባ ቢሊሴ ራሷ ሄዳ ሰው ሰብስባ አስረዳች። ሰው እንደ ልማዱ ከኋላ ተሰገሰገ። ፊት የተቀመጠችው ሃቦኔ የምትባል ምራት ብቻ ናት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ ሄዷል፤ እሷ የምትኖረው ከአማቷ፣ ከባሏ አባት ከኦቦ ቦጂያ ጋር ነው። አንድ እጇ ተሰብሮ ጠምሞ የገጠመ ነው፤ ላም ረግጣኝ ነው ትላለች። ስሙን ያልተናገሩለት በሽተኛ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። ቢሊሴ፣ መኪናው አይመጣም አለቻት። ሴትዮዋ አመሰገነች።

ክረምቱ ሲገባ ኦቦ ቦጂያ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ሃቦኔ ደወለች።

ቢሊሴ የተቀዳውን ንግግር ቢሮ ተቀምጣ ሰማችው። ማሽኑ በትህትና የታማሚውን ስም ጠየቀ። አማቴ ናቸው አለች፣ ረጋ ባለ ድምፅ። ስማቸውን ማን ልበል አለ።

«ምራት የአማቷን ስም አትጠራም» አለች ሃቦኔ።

ማሽኑ ይቅርታ ጠየቀ። ያለ ስም መኪና መላክ እንደማይችል ነገራት። እሷም እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ዘጋችው። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ ሲደርስ ሽማግሌው ቀዝቅዘዋል።

እጃጂ በአንድ አፍ ማሽኑን ረገመ። ሃቦኔን ግን አሞገሷት። የዛሬ ልጅ ባሏን እንኳ እንደ እረኛ በምትጠራበት ዘመን፣ በሞት አፋፍ ወጉን ያላፈረሰች እንዲህ ያለች ጨዋ ከየት ይገኛል ተባለላት።

ጋዲሳ ጥፋቱ የማሽኑ ነው አለ። እሱ ምን አለበት፤ አንብቦ ማሳለፉን ረስቶታል። ቢሊሴ ግን ማሽኑ የታዘዘውን እንዳደረገ ታውቃለች። ለእናቷ ብትነግራት እናቷ አላዘነችላትም።

«እኔ አያትሽን አንድ ቀን በስማቸው ስጠራ ሰምተሻል?» አለቻት። «ከማን ቤት ወጥተሽ ነው እንዲህ ያለ ነገር የጻፍሽው? ዩኒቨርሲቲው ነው የወለደሽ?»

ቢሊሴ ቢሮ ገብታ መግለጫውን እንደ አዲስ ጻፈችው። «ስም የማይናገር ሁሉ ቀልደኛ አይደለም። ምራት የአማቷን ስም ላትጠራ ትችላለች። የጎረቤት ስም ወይም የቤቱን ምልክት ጠይቅ፤ መኪናውን ላክ።» ለሚመጣው ሰው ደኅና ነው። ለኦቦ ቦጂያ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በማግስቱ እጃጂ ለቅሶ ደረሰች። ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች፤ ማንም ማንነቷን አልጠየቃትም። ስለ ሟቹ ቁጡነት አንዷ ልታነሳ ስትል፣ ሙት አይወቀስም ብለው ዝም አሰኟት። የቀረበላት ንፍሮ እፍኟ ውስጥ ቀዘቀዘ። ያ የስብሰባ ቀን ጥያቄ ነው እንደ እሾህ የሚወጋት። ሴትዮዋ ወጉን በዘዴ ነግራት ነበር፣ እሷ ግን እንደ ቢሮ ሰው መለሰችላት።

ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱና እንጨት ሊያመጡ ሲወጡ ወደ ሃቦኔ ተጠጋች።

«ያን ትእዛዝ ለማሽኑ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለቻት። «አንቺ ስትጠይቂኝ ምን ልትይኝ እንደፈለግሽ አልገባኝም። አማትሽን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ ልትረግሚኝ ትችያለሽ።» እግሯ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሃቦኔ አንገቷን አስግጋ ደጁን አየች። ማንም አልነበረም። በዚያ ጠምሞ በገጠመ እጇ ትከሻዋን ይዛ ጎንበስ አለችና በጆሮዋ፣ «ተነሽ፣ አታልቅሺ» አለቻት። «ቦጂያ ኢዶሳ ብዬ ብጠራው መኪናው እንደሚመጣ አውቅ ነበር።»