አሥራ አንድ ልብስ የተረተረችው

"በሌላ ሰው ፒጃማ ዳኛ ፊት አልቀርብም" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወገቡ የሰፋባትን ሱሪ በሁለት እጇ ወደ ላይ ሰቅላ ይዛ።

ጠበቃው ሳቁን ዋጠ። መንግሥት የመደበላት ጠበቃ ነው፤ ከተዋወቁ ገና ግማሽ ሰዓታቸው። "አይገደዱም" አላት። "በራስዎ ልብስ መቅረብ መብትዎ ነው። የተጻፈብዎትን ማንበብም እንደዚያው። ማንም አልነገረዎትም እንዴ?"

ማን ይንገራት! ከሦስት ቀን በፊት ታናሽ እህቷ እያለቀሰች ወደዚህ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካስገባቻት ወዲህ በሩ ተቆልፎ፣ ያገኛት ሁሉ "ይረጋጉ" ብቻ ነው የሚላት። ሰው ይረጋጉ ስለተባለ እንዴት ብሎ እንደሚረጋጋ እንጃ። ያለ ዳኛ ፈቃድ ሊያቆዩዋት የሚችሉት ሦስት ቀን ዛሬ ያበቃል። ዳኛዋ ከፈቀደች ግን ሁለት ሳምንት ይጨመርባታል።

ቀሚሷን ከዕቃ ክፍል አመጡላት። ለብሳ ስትጨርስ ቁመቷ የጨመረ መሰላት። ከዚያ ፋይሉን ቆማ አነበበች፦ "አምስት ሌሊት አልተኛችም። ምግብ ትታለች። የደንበኞቿን አሥራ አንድ ልብስ ያለ ምክንያት ተርትራለች። እህቷ ልታስቆማት ስትሞክር መቀስ ይዛ ጮኻባታለች።"

"ያለ ምክንያት" የሚለው ላይ ስትደርስ ደሟ ፈላ።

ችሎቱ የተሰየመው በሕሙማኑ የመመገቢያ ክፍል ነው። ዳኛዋ ከቁርስ የተረፈውን ፍርፋሪ በእጇ ጠረግ አድርጋ ወረቀቷን ዘረጋች። እህቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ሐኪሙ የጻፈውን አነበበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። "ለራሷም ለሌላ ሰውም ስለምንሰጋ ሁለት ሳምንት እንዲጨመር እንጠይቃለን" ብሎ ጨረሰ።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለቻት ዳኛዋ።

ጠበቃው ጠጋ ብሎ "ለምን እንደተረተሩ ይንገሯቸው" አላት።

"ሜትሬ ተለጥጦ ነው።"

እህቷ ከንፈሯን ነከሰች።

"የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ክብርት ዳኛ። እኔ ሰው የምለካው አንገቴ ላይ በማንጠለጥለው ሜትር ነው፤ ጨርቅ የምቆርጠው ደግሞ በእንጨቱ ማስመሪያ። ሜትሩ ተለጥጦ የሰውን ወገብ ሲያሳንስብኝ ከርሟል። የሦስት ሳምንት ሥራዬ በሙሉ ጠቦ ወጣ። ሳያዩብኝ ስፌቱን ፈትቼ ላሰፋው ነበር።"

"መቀሱስ?"

"ልብስ ሰፊ መቀስ ካልያዘች ምን ትያዝ?"

ዳኛዋ ፈገግ አለች። ልብስ ሰፊዋ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "መጮኼ እውነት ነው። አለመተኛቴም እውነት ነው። መንገደኛው ሁሉ በጠበበ ልብስ እየሳቀብኝ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ታምሜያለሁ፤ አልዋሽም። ልታከምም እፈልጋለሁ። ተቆልፎብኝ ሳይሆን በእግሬ መጥቼ ነው የምለው።"

ይሄኔ እህቷ ቦርሳዋን ከፈተች። የዚያን ቀን ፈርታ ከልብስ ሰፊዋ አንገት ላይ የወሰደችው ሜትር እዚያው ቦርሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ከርሟል። ሐኪሙ ሳይጠየቅ ተነስቶ ተቀበላት፤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቁመት መለኪያ ሄዶም ሜትሩን ሳይስብ ጎን ለጎን ዘረጋው። የሜትሩ ስልሳ ከመለኪያው ስልሳ ሁለት ላይ አረፈ። አላመነም መሰል እንደገና ለካ። ከዚያ ተመልሶ ፋይሉን ከፈተና "ያለ ምክንያት" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው።

"ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም" አለ፣ ለዳኛዋ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ።

ዳኛዋ ጥቂት ጻፈችና ቀና አለች። "ማቆያው አይራዘምም። ከአሁን በኋላ ሕክምናው በፈቃድዎ ነው። መሄድ ይችላሉ።"

ልብስ ሰፊዋ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች። እፎይ! ከትከሻዋ ላይ አንድ ኩንታል የወረደላት መሰላት። እህቷ ሮጣ አቀፈቻት።

"ይቅር በይኝ እትዬ። የምትሞችብኝ መስሎኝ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ የኔ ሞኝ። እኔም አንቺን ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ግን መጀመሪያ እጠይቅሽ ነበር።"

ነርሷ የውጭውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። የግቢው ፀሐይ እስከ መተላለፊያው ድረስ ገባ። እህቷ ዕቃዋን ይዛ ቀደመች። ልብስ ሰፊዋ ግን የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"አልጋዬ እስከ ስንት ሰዓት ነው የኔ?"

"እስከ ማታ ባዶ ነው" አለች ነርሷ ግራ ገብቷት።

"እንግዲያው ትንሽ ጋደም ልበል።"

"እዚህ?!" እህቷ ደነገጠች።

"አዎ፣ እዚህ። በሩን ብቻ አትዝጉት።"

ጫማዋን አውልቃ ከነቀሚሷ ተጋደመች። እህቷ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ስባ ሳታደርስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።