ውጪውን ያቆመ መድኃኒት

በመድኃኒት ያራሰችውን ጥጥ የወንድሟ የተሰነጠቀ ከንፈር ላይ ተጭና ያዘች። መድኃኒቱ ደም የሚያረጋ ነው፤ ከበሬ ሳንባ ራሷ ጨምቃ፣ ራሷ አጥርታ ያዘጋጀችው። ወደ መድኃኒት ቅመማ ሙያ የገባችውም በእሱ ምክንያት ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንዴ ከደማ ደሙ አይረጋም፤ ጥርሱ በተነቀለ ቁጥር ቤቱ ሁሉ እንቅልፍ ያጣል።

ዛሬ ጠዋት ከደረጃ ወድቆ ሆስፒታል አስገቡት። እናታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ኩምትር ብለው ተቀምጠዋል።

ጥጡን ቀስ አድርጋ አነሳችው። ደሙ ረግቷል።

እናት ፊታቸው በራ። "እጅሽ ይባረክ ልጄ" አሉ።

"ስንት ዓመት አፍህን ዝጋ ስትይኝ ኖረሽ፣ በመጨረሻ በሬ ዘጋልሽ" አላት ወንድሟ፣ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ።

እናት ሳቁ። እሷም ልትስቅ ስትል እጇ ሆዱ ላይ አረፈ። ሆዱ እንደ ጣውላ ጠጥሯል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ነግሯት ነበር፤ ደሙ ውስጥ ውስጡን እየፈሰሰ ነው፤ የሚስማማው ደም በጊዜ ካልተገኘ ተስፋ የለውም። ፍለጋ የሄደው ሰው እስካሁን ድምፁ ጠፍቷል።

ወንድሟ ፊቷን አይቶ ገባው። በዓይኑ ወደ መድኃኒቱ ጠርሙስ አመለከታት።

"እትዬ፣ እሱን በመርፌ ስጪኝ።"

"አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም?" አሉ እናት። "ውጪውን ያቆመ ውስጡን ማቆም ያቅተዋል?"

መድኃኒቱ ደም ሥር ከገባ ደሙን ያለቦታው እንደሚያረጋው፣ ልብንም ቀጥ እንደሚያደርግ በለሆሳስ አስረዳቻቸው። ጥንቸል ላይ ሲሞከር በዓይኗ አይታለች። እናት ግን የሚሰሙ አልሆኑም።

"ለባዕድ ሁሉ ስትሰጪ ኖረሽ፣ ለወንድምሽ ሲሆን ሰሰትሽ?"

የጠርሙሱን ክዳን አጥብቃ ዘጋች።

"ተያት፣ እማዬ" አለ ወንድሟ። "የራሴን ደም ቅዱለት ብላ ነበር እኮ። አልስማማ ብሎ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተናገረም። እጁ እጇ ውስጥ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ቆይቶም እሱም ጠፋ። ሐኪሙ ገብቶ ደረቱን አዳመጠ። ቀና ሲል እሷን ብቻ አያት።

እናት ዓይናቸውን ከልጃቸው ከንፈር ላይ አልነቀሉም።

"ደግሞ ደማ እንዴ?" ሲሉ ጠየቋት።

"አልደማም፣ እማዬ።"