ከሥር የወጣው ሰማያዊ

በ1977 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ መኪና ቀቢው አስፋው ለአንድ ካድሬ መኪና አዲስ የፕላስቲክ ፓራውልት ይቀባ ነበር። ቀለሙን በረጨ ቁጥር እንደ ወተት ስልባቦት ይጨማደድበታል። ከትናንት ጀምሮ የተጨማደደውን ሦስቴ ፍቆ ሦስቴ ቀባው፤ ያው ነው። ካድሬው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

«ከሥሩ አሮጌ ቀለም ሳይኖር አይቀርም፤ ቲነሩ እየቀሰቀሰው ነው» አሉት የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ጂብሪል። «እስከ ፕላስቲኩ ድረስ ፋቀው።»

«ኧረ ጋሽ ጂብሪል፣ ትናንት ከካርቶኑ ያወጣሁት እኮ እኔው ነኝ!»

ቢሆንም ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ አጥብቆ ፋቀው። እውነትም ከሥር ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። ጋሽ ጂብሪል ጎንበስ ብለው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄን ሰማያዊ መበጥበጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አስፋውም አውቆታል። የታላቅ ወንድሙ የገብረወልድ ቀለም ነው። ገብረወልድን በቀይ ሽብር ጊዜ ከዚሁ ጋራዥ፣ የቀለም መርጫውን እንደያዘ ከወሰዱት ሰባት ዓመት አልፏል፤ ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

«ፋብሪካው ቀብቶት ይሆናላ» አለ አስፋው፤ ራሱም አላመነውም። ጣቱን ሰማያዊው ላይ አሳረፈና አነሳው።

ቀለሙ ገና አልደረቀም።