«ይሄ ክፍል ድሮም ነበረ!»

«ስሙኝ! ላይኛው ክፍል ቤቱን ስንገዛም ነበረ… በቃ! ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ!»

ሽማግሌው ይህን ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ የቆጠረ የለም።

ከመስኮቱ ወደ በሩ… ከበሩ ወደ መስኮቱ… መጋረጃውን ገለጥ አድርገው መንገዱን ያያሉ… ጉዳቱን አይቶ የሚገምተው የኢንሹራንስ ሰው፣ ገማቹ፣ ገና አልመጣም።

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ጡሩንባ» ይላቸዋል።

ድምፃቸው ለሁሉም ይደርሳል… የሌላው ድምፅ ግን እሳቸው ጋ አይደርስም።

ባለፈው ሳምንት፣ ከቤቱ በላይ የሠሯትን አዲስ ክፍል ጣሪያ ኃይለኛ ንፋስ ገንጥሎ ወሰደው።

በክፍሏ የሚኖሩት ልጃቸውና ምራታቸው ነበሩ። ምራቲቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት… አሁን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ታድራለች።

ኢንሹራንሱ ካልከፈለ በጡረታ ደመወዝ ጣሪያ አይሠራም።

ጡሩንባ ደግሞ ክፍሏ ስትሠራ «ከነገርናቸው ክፍያ ይጨምሩብናል፣ ማንም እንዳይናገር!» ብለው ከልክለው ነበር።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት…» አለች ምራቲቱ።

«አንቺ ዝም በይ! ሥራሽ ፎቶ ማንሳት ብቻ! የክፍሏን ፎቶዎች በሙሉ አጥፊ!»

«እሱን እኮ ነው ልነግርዎት…»

«አጥፊ አልኩ!»

ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን አስጨርሳት!»

«አንቺ ደግሞ ጠበቃዋ ነሽ?»

ደወሉ ጮኸ…

ገማቹ ማህደር በብብቱ የያዘ ወጣት ነው። ደረጃውን ወጣ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ ወረደ።

«አባቴ፣ ላይኛው ክፍል መቼ ነው የተሠራው?»

ጡሩንባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሄ ክፍል ድሮም ነበረ!»

ምራቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

ገማቹ ከማህደሩ አንድ ፎቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ያልተለሰነ ግድግዳ… ከፊቱ መዶሻ ይዘው፣ ሲሚንቶ ለብሰው፣ ጥርሳቸው እስኪቆጠር የሚስቁ… ጡሩንባ!

ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ጉድ ሠራሽኝ አይደል?! በገዛ ቤቴ!»

«ቆይ እንጂ አባቴ» አለ ገማቹ። «ከዚህ ፎቶ ጋር የተያያዘ ማመልከቻ አለ። ክፍል መጨመሩን ካሳወቃችሁን ዓመት ሊሞላው ነው፣ ውሉም ተስተካክሏል። ይህ ባይሆን ኖሮ ለላይኛው ክፍል አንከፍልም ነበር። ፊርማው የማን ነው?»

ጡሩንባ መነጽራቸውን አደረጉ…

የራሳቸው ፊርማ ነው!

ትዝ አላቸው። ኳስ እያዩ ነበር። ምራቲቱ ወረቀት ይዛ መጥታ «አባባ፣ ስለ ላይኛው ክፍል ነው፣ ያንብቡት» ስትላቸው… ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ ጫር አድርገው «ውሰጂው! አትከልይኝ!» ብለዋታል።

«ጭማሪውንስ… ማን ከፈለ?»

«እኔና እሷ ተካፈልነዋ» አሉ ባለቤታቸው። «ስንነግርህ መቼ ሰማህ?»

ገማቹ እስክሪብቶውን አነሳ። ቅጹ ላይ ገና ምንም አልጻፈም።

«አሁን ያሉኝ ግን ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም፣ አባቴ። ይህን ከጻፍኩ ክፍያው ሊከለከል ይችላል… አንድ ጊዜ ደግሜ ልጠይቅዎት። ክፍሉ መቼ ተሠራ?»

ጡሩንባ ወንበር ሳቡ።

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሏት ምራታቸውን ቀስ ብለው፣ «አንቺ ንገሪው… እኔ ልስማ።»

ቤታችሁ ላይ ክፍል ከጨመራችሁ፣ ጣሪያም ከቀየራችሁ፣ ለኢንሹራንሳችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ። ከዚያ በፊት ግን… እዚያው ቤት ውስጥ «ዝም በይ» የምትሏትን ሰው አንድ ጊዜ አስጨርሷት። ልታድናችሁ እየሞከረች ሊሆን ይችላል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ… በገማቹ ቦታ ብትሆኑ የመጀመሪያውን መልስ ትጽፉት ነበር ወይስ ደግማችሁ ትጠይቋቸው ነበር? ለምን?